የቆዩ ዘፈኖች በአዲስ ድምፅ፦ ከሳማራ ጆይ፣ ከኒና ሲሞንና ከሄለን ሜሪል የመጀመሪያ አልበሞች የቱን እንምረጥ?

አንዲት ወጣት የጃዝ ድምፃዊት የመጀመሪያ አልበሟን ስታወጣ የራሷን አዲስ ዘፈን ትታ አያቶቿ ሲሰሟቸው የኖሩ ዘፈኖችን መምረጧ ትልቅ ድፍረት ይጠይቃል። ቢሊ ሆሊዴይ፣ ኤላ ፊትዝጄራልድና ሳራ ቮን የተጫወቱትን ዜማ ስታነሳ የእነሱ ድምፅ ከአድማጩ ጆሮ ገና አልወጣም። «ስታንዳርድ» የሚባሉት እነዚህ ዘፈኖች አብዛኞቹ ከ1920ዎቹ እስከ 1950ዎቹ ለብሮድዌይ የቲያትር መድረክና ለሆሊውድ ፊልም የተጻፉ ናቸው (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው)። የጃዝ ሙዚቀኞች ወረሷቸውና የጋራ ሀብት ሆኑ። እኛ ትዝታን እንደምንሰማው ነው የሚሰሙት፤ ዜማውን ሁሉም ስለሚያውቀው ጥያቄው «እሷስ እንዴት ተጫወተችው?» የሚል ይሆናል።

ስለዚህ እንዲህ ያለ አልበም ለመምረጥ የዘፈኖቹን ዝርዝር ማየት ብቻውን ብዙ አይረዳም። እኔ የማየው ሁለት ነገር ነው። አንደኛው ድምፃዊቷ ቃላቱን እንዴት እንደምትይዛቸው ነው፤ ታስረዝማቸዋለች፣ ትጭናቸዋለች ወይስ በትንፋሽ ብቻ ትነካካቸዋለች? ሁለተኛው አጃቢዎቿ ምን ያህል ቦታ እንደሚለቁላት ነው። አጃቢው ከተጨናነቀ የቱንም ያህል ጥሩ ድምፅ ቢሆን ይታፈናል። በእነዚህ በሁለቱ መለኪያዎች በጣም የሚራራቁ ሦስት አልበሞችን ነው የማወዳድረው፤ ሳማራ ጆይ በ2021 በራሷ ስም ሰይማ ያወጣችውን፣ ኒና ሲሞን በ1957 መጨረሻ ቀርጻ በ1959 የወጣላትን «ሊትል ገርል ብሉ»ን፣ እና ሄለን ሜሪል በ1954 መጨረሻ የቀረጸችውን፣ እሱም በስሟ የሚጠራውን።

ለቸኮለ ሰው መልሴ ይኸውና። ጃዝ ሰምቶ ለማያውቅ ሳማራ ጆይን። ሌሊት ብቻውን በኢርፎን ለሚሰማ ሄለን ሜሪልን። ዕድሜ ልክ አብሮት የሚኖር አንድ አልበም ብቻ ለሚፈልግ ግን ያለ ምንም ማመንታት የኒና ሲሞንን። ምክንያቶቼን ደግሞ እንዲህ አስረዳለሁ።

ሳማራ ጆይ፦ በር የሚከፍተው

ሳማራ ጆይ በ1999 ኒው ዮርክ ብሮንክስ ውስጥ ተወለደች። ቤተሰቧ የመዝሙር ቤተሰብ ነው። አያቶቿ «ሳቬትስ» በሚባል የፊላደልፊያ የመዝሙር ቡድን ያገለገሉ ናቸው፤ አባቷም ቤዝ ተጫዋችና ድምፃዊ ነው። እሷም ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ስትዘምር ነው ያደገችው፤ ጃዝን ከልቧ የያዘችው ኮሌጅ ከገባች በኋላ ነው። በ2019 በሳራ ቮን ስም የሚካሄደውን ዓለም አቀፍ የጃዝ ድምፃውያን ውድድር አሸነፈች። አልበሙ ሲወጣ ገና 21 ዓመቷ ነበር።

ይህን ታሪክ ያነሳሁት ድምፁን ስለሚያስረዳ ነው። መዝሙር ያሳደገው ድምፅ ሁለት ልማድ አለው፤ ቃሉ ለሁሉም ሰው እንዲሰማ አጥርቶ ማውጣት፣ እና የዜማውን መጨረሻ ሳያቋርጡ ሞልቶ መዝጋት። ሳማራ ሁለቱንም ታደርጋለች። ድምፅዋ ከታች ወፍራም ነው፤ ወደ ላይ ሲወጣም አይቀጥንም፣ አይጮህም። እንግሊዝኛ ሁለተኛ ቋንቋው የሆነ አድማጭ ከሦስቱ አልበሞች ግጥሙን በቀላሉ የሚከታተለው ይህኛውን ነው።

አልበሙ የሚከፈተው በ«ስታርደስት» ነው። ሆጊ ካርማይክል ይህን ዜማ የደረሰው በ1927 ሲሆን፣ ግጥሙን ሚቸል ፓሪሽ በኋላ ጨመረበት። ዜማው እንደ ብዙ ዘፈኖች ደረጃ በደረጃ አይሄድም፤ ይዘላል። ከታች ተነስቶ ሩቅ ላይ ያርፋል፣ ወዲያው ይወርዳል። ብዙ ድምፃውያን እነዚህ ዝላዮች ላይ ሲጨነቁ ይሰማል። ገና ስሟ ያልታወቀ ልጅ ይህን የመጀመሪያ ዘፈኗ ማድረጓ ራሱ ስለ አቅሟ አንድ ነገር ይናገራል። ቀጥሎ የሚመጣው «ኤቭሪቲንግ ሃፐንስ ቱ ሚ» ደግሞ ቀልድ ያለበት የምሬት ዘፈን ነው፤ ጨዋታ ሲቀጥር ዝናብ የሚጥልበት፣ ድግስ ሲያሰናዳ ፎቅ ላይ ያለው ጎረቤት የሚያማርርበት ዕድለ ቢስ ሰው ብሶት። ሳማራ ቀልዱን ሳታጋንን ትተርከዋለች።

አጃቢዎቿ ሦስት ናቸው፤ ጊታር፣ ቤዝና ድራም። ፒያኖ የለም። ይህ ትልቅ ውሳኔ ነው። ጊታሪስቱ ጣሊያን የተወለደው ፓስኳሌ ግራሶ ነው፤ እንደ አርት ቴተምና እንደ ባድ ፓወል ያሉ የፒያኖ ጌቶችን ስልት ወደ ጊታር ያመጣ ሰው ነው። በአንድ ጊታር ላይ ቤዙንም፣ ኮርዱንም፣ መልስ የሚሰጠውን ዜማም አብሮ ያወጣል። የጊታር ድምፅ ግን ከፒያኖ ቶሎ ስለሚሞት፣ የቱንም ያህል ቢበዛ የሳማራን ድምፅ አይሸፍነውም። ቤዝ የያዘው አሪ ሮላንድ መሣሪያውን በደጋን መጫወት የሚወድ ሰው ነው። ድራሙ ላይ ያለው ኬኒ ዋሽንግተን ደግሞ ብዙ ዘመን የተፈተነ አንጋፋ ነው፤ እዚህ ራሱን ዝቅ አድርጎ ነው የሚጫወተው።

የዘፈን ምርጫዋንም እወደዋለሁ። «ላቨር ማን»ን እና «ሙንግሎው»ን የመሰሉ ሁሉም የሚያውቃቸው አሉ፤ ከእነሱ ጎን «ጂም»ን እና «ኦንሊ ኤ ሞመንት አጎ»ን የመሰሉ ብዙ ሰው ያላስታወሳቸው ተቀምጠዋል። መዝገብ ቤት ገብታ የፈተሸች ልጅ ሥራ ነው።

የሚጎድለው ምንድን ነው? አደጋ። አሥራ ሁለቱም ዘፈኖች ተስተካክለው፣ ተውበው ነው የቀረቡት፤ ሊሰበር ነው ብላችሁ ትንፋሽ የምትይዙበት ቦታ አታገኙም። ለመጀመሪያ አልበም ይህ ነውር አይደለም። ከኒና ሲሞን አጠገብ ስናስቀምጠው ግን ልዩነቱ ይሰማል።

ኒና ሲሞን፦ ዘፈኑን የምትበረብረው

ኒና ሲሞን መዝፈን ሙያዋ አልነበረም። በ1933 ኖርዝ ካሮላይና ውስጥ ትራይን በምትባል ትንሽ ከተማ ዩኒስ ዌይመን ተብላ ተወለደች። የልጅነት ምኞቷ ክላሲካል ፒያኖ ተጫዋች መሆን ነበር። ኒው ዮርክ ጁሊያርድ የሙዚቃ ትምህርት ቤት ተማረች፤ በ1951 ፊላደልፊያ ወዳለው የከርቲስ የሙዚቃ ተቋም ለመግባት ተፈትና ሳይቀበሏት ቀሩ። ምክንያቱ የቆዳዋ ቀለም እንደሆነ እስከ መጨረሻው ታምን ነበር፤ ተቋሙ የክብር ዲግሪ የሰጣት በ2003 ከማረፏ ጥቂት ቀናት ቀደም ብሎ ነው። ኑሮ ሲከብዳት በ1954 አትላንቲክ ሲቲ ውስጥ አንድ መጠጥ ቤት ፒያኖ ለመጫወት ተቀጠረች፤ ባለቤቱ «ካልዘፈንሽ ሥራው የለም» ስላላት ነው መዝፈን የጀመረችው። ሃይማኖተኛ እናቷ መጠጥ ቤት መሥራቷን እንዳያውቁባት ስሟንም ቀየረች።

«ሊትል ገርል ብሉ» ይህን ሁሉ ተሸክሞ ነው የመጣው። አብረዋት ያሉት ሁለት ሰዎች ብቻ ናቸው፤ ቤዝ ላይ ጂሚ ቦንድ፣ ድራም ላይ አልበርት ሂዝ። ፒያኖውን የምትጫወተው ራሷ ነች። እዚህ ላይ ነው ከሌሎቹ ሁለት አልበሞች ፈጽሞ የምትለየው። ሳማራና ሄለን ቦታ የሚለቅላቸው ሌላ ሰው ነው፤ ኒና ግን ለራሷ ቦታ የምትለቀውም፣ የምትዘጋውም ራሷ ነች። ቃሉን ስትጭነው ፒያኖው ዝም ይላል። ቃሉ ሲያልቅ ፒያኖው ያልተባለውን ይቀጥላል።

አልበሙን «ሙድ ኢንዲጎ» ይከፍተዋል፤ የዱክ ኤሊንግተን ዜማ ነው። (ኤሊንግተን በ1973 አዲስ አበባ መጥቶ ከአፄ ኃይለ ሥላሴ እጅ የክብር ኒሻን ተቀብሏል።) ሌላው ሰው ይህን ዜማ በቀስታ፣ በኀዘን ነው የሚጫወተው። ኒና ግን በፍጥነት ታስሮጠዋለች፤ ኀዘኑም ከሩጫው ሥር ሆኖ ይሰማል።

አልበሙን በትክክል ለመገምገም ከፈለጋችሁ ሁለት ዘፈኖችን ስሙ። አንደኛው «ላቭ ሚ ኦር ሊቭ ሚ» ነው። የ1928 ዘፈን ነው፤ ውደደኝ ወይም ተወኝ የሚል፣ በፈጣን ምት የሚሄድ። መሀል ላይ ድምፅዋ ይቆምና ፒያኖው ብቻውን ይነሳል፤ ከዚያ የክላሲካል ሙዚቃው ደራሲ ባኽ ይመጣል። ቀኝ እጇ አንድ ዜማ ይጀምራል፣ ግራ እጇ ሌላ ዜማ ይዞ ይከተለዋል፣ ሁለቱ ይሳደዳሉ፣ ይጠላለፋሉ፤ ከሥራቸው የጃዙ ምት አንዴም ሳይዛነፍ ይሮጣል። ከርቲስ ያልተቀበላት ተማሪ ፈተናውን እዚህ ደግማ የተፈተነች ይመስለኛል።

ሁለተኛው የአልበሙን ስም የያዘው «ሊትል ገርል ብሉ» ነው። ሮጀርስና ሃርት በ1935 የጻፉት ነው፤ ብቻዋን የቀረችን ልጅ «ተቀምጠሽ ጣቶችሽን ቁጠሪ» የሚል፣ ተስፋ የቆረጠ ግጥም። ኒና በፒያኖ የምትጀምረው ግን በሌላ ዜማ ነው፤ ምዕራባውያን በገና ሰሞን በሚዘምሩት «ጉድ ኪንግ ዌንስስላስ» በሚባል አሮጌ መዝሙር። ከዚያ የዘፈኑን ቃል ስትጀምር መዝሙሩን አታቆመውም። ፒያኖው ገናን ያከብራል፣ ድምፁ ብቸኝነትን ይናገራል፤ ሁለቱ ጎን ለጎን ይሄዳሉ። ድምፅዋን ከፍ አታደርግም፣ አታለቅስም። ከሦስቱ አልበሞች ሁሉ ይህን የሚስተካከል አንድም ዘፈን አላገኘሁም።

በጊዜው ያሳወቃት «አይ ላቭስ ዩ ፖርጊ» ነበር፤ ከገርሽዊን ኦፔራ «ፖርጊ ኤንድ ቤስ» የተወሰደው ይህ ዘፈን በ1959 አሜሪካ ውስጥ ከሃያዎቹ ከፍተኛ ተሸጮች አንዱ ሆነ። «ማይ ቤቢ ጀስት ኬርስ ፎር ሚ» ደግሞ ሠላሳ ዓመት ገደማ ተኝቶ ቆየ፤ በ1987 የሻኔል ሽቶ ማስታወቂያ ላይ ሲውል በብሪታንያ አምስተኛ ደረጃ ደረሰ። ኒና ግን የአልበሙን መብት አስቀድማ በ3,000 ዶላር ገደማ ለቃ ስለነበር ከዚያ ሁሉ ሽያጭ የሚገባትን አላገኘችም። ይህን ሳስብ አሁንም ይቆጨኛል።

ከመምረጣችሁ በፊት ማወቅ ያለባችሁ ነገር አለ። ከአሥራ አንዱ ሥራዎች ሦስቱ፣ ማለትም «ጉድ ቤይት»፣ «ዩ ዊል ኔቨር ዎክ አሎን» እና «ሴንትራል ፓርክ ብሉስ» የዘፈን ድምፅ የላቸውም፤ በመሣሪያ ብቻ የተሠሩ ናቸው። የምትፈልጉት ድምፅ ብቻ ከሆነ ይህ ቅር ሊያሰኛችሁ ይችላል። ለእኔ ግን «ዩ ዊል ኔቨር ዎክ አሎን» ላይ ያለው ፒያኖ ከብዙ ዘፋኞች ጉሮሮ ይበልጣል።

ሄለን ሜሪል፦ በሹክሹክታ

ሄለን ሜሪል ከክሮሺያ ወደ ኒው ዮርክ ከተሰደደ ቤተሰብ የተወለደች ናት። ሰባት ዘፈን ብቻ ያለውን ይህን አልበም ስትቀርጽ የዘፈኖቹን ቅንብር የሠራላት የ21 ዓመቱ ኩዊንሲ ጆንስ ነበር፤ ስሙ ገና ከሙዚቀኞች ሰፈር አልወጣም። ትራምፔት የያዘው ክሊፎርድ ብራውን ነው። ብራውን በዚያው ወር ከሳራ ቮን ጋርም አልበም ቀርጿል። ዓመት ከመንፈቅ እንደሞላ፣ በሰኔ 1956 በመኪና አደጋ በ25 ዓመቱ ሞተ። ስለዚህ ይህ አልበም የሁለት ሰዎች ነው፤ አንዷ የምትጀምርበት፣ አንዱ ብዙ ሳይቆይ የሚያልፍበት።

ሄለን እንደ ሁለቱ የቤተ ክርስቲያን ኃይል በድምፅዋ የላትም። ያላት ትንፋሽ ነው። ማይክሮፎኑ ላይ ተጠግታ ነው የምትዘፍነው፤ ቃሉ ከመውጣቱ በፊት አየሩ ይሰማል፣ ቃሉ ካለቀ በኋላም አየሩ ይቆያል። መክፈቻው የቢሊ ሆሊዴይ «ዶንት ኤክስፕሌይን» ነው፤ ባሏ ከሌላ ሴት ዘንድ እንደመጣ እያወቀች «አታስረዳኝ» የምትል ሚስት ዘፈን። ሌላ ድምፃዊት ብትሆን ቁጣውን ታወጣው ነበር። ሄለን አታወጣውም፤ ጎረቤት እንዳይሰማ የምትናገር ትመስላለች።

ከዚያ በኋላ «ዩድ ቢ ሶ ናይስ ቱ ካም ሆም ቱ» ይመጣል፤ የኮል ፖርተር ነው። ሄለን ዜማውን ከፍ ዝቅ ሳታደርግ ካደረሰችው በኋላ ብራውን በትራምፔቱ ሲገባ ክፍሉ ውስጥ መብራት የበራ ያህል ነው። ድምፁ ክብና ሙቅ ነው፤ ሲፈጥንም እያንዳንዷ ኖታ ተለይታ ትሰማለች። የዚህ አልበም ትልቁ ጥያቄም ከዚሁ ይመጣል፦ ድምፃዊቷን ነው የምንሰማው ወይስ ትራምፔቱን? እውነቱን ለመናገር አልበሙን የሚያነሱት ብዙ ሰዎች ለብራውን ብለው ነው። ቢሆንም የእሷ ዝምታ ባይኖር የእሱ ብርሃን እንዲህ አይደምቅም ነበር። ቦታ መልቀቅ ከድምፃዊቷም የሚጠበቅ መሆኑን ከሦስቱ አልበሞች በግልጽ የሚያሳየው ይህ ነው።

ድክመቱ አንድ ዓይነትነቱ ነው። ግማሽ ሰዓት ትንሽ አለፍ ይላል እንጂ ረጅም አይደለም፤ ግን ጆሮው ለጃዝ አዲስ የሆነ ሰው አራተኛው ዘፈን ላይ ሐሳቡ ሊበታተን ይችላል። ቀን ላይ፣ ጫጫታ ባለበት ቤት ወይም በስልክ ድምፅ ማጉያ ከሰማችሁት አልበሙ ያለው ሁሉ ይጠፋል።

የቱ ለማን?

ሙዚቃ ለምትማሩ፣ በተለይ ለምትዘፍኑ፣ የሳማራ ጆይ አልበም ትምህርት ቤት ነው። ትንፋሽ የት እንደምትወስድ፣ ቃል የት እንደምትዘጋ እየቆጠራችሁ መስማት ትችላላችሁ። ፒያኖ ለምትጫወቱ የኒና ይሻላል፤ እሷን ለመኮረጅ ከመሞከር ግን ተጠንቀቁ፣ ባኽን ሳያውቁ የሚያዋጣ አይደለም። በቤት ውስጥ ሰው ሲሰበሰብ ለመክፈትም ሳማራ ትመቻለች። ለወላጅ ወይም ለታላቅ ሰው በስጦታ የምትሰጡ ከሆነ ሄለን ሜሪል ታምራለች፣ አታስቸግርም። ኀዘን ላይ ላለ ሰው የኒናን አልበም ወዲያው አልሰጥም፤ ከበድ ይላል፤ ጊዜ ካለፈ በኋላ ነው።

ከሦስቱ ውጭ ሁለት የመጀመሪያ አልበሞችን ልጥቀስ። የሸርሊ ሆርን «ኤምበርስ ኤንድ አሽስ» (1960) በአነስተኛ አሳታሚ የወጣ ነው፤ ስመ ጥሩው ትራምፔተኛ ማይልስ ዴቪስ ሰምቶት ኒው ዮርክ ቪሌጅ ቫንጋርድ መድረክ ላይ ከእሱ ቀድማ እንድትጫወት አስጠራት። እሷም እንደ ኒና በራሷ ፒያኖ ነው የምትዘፍነው፤ ቀስታዋ ግን ከማንም ይበልጣል። ዋሽንግተን ዲሲ ለምትኖሩ የከተማችሁ ልጅ ናት፤ የተወለደችውም፣ የኖረችውም እዚያው ነው። ሁለተኛው የወንድ ነው፤ ማርቪን ጌይ በ1961 በሞታውን አሳታሚ ያወጣው የመጀመሪያ አልበሙ በአብዛኛው በስታንዳርዶች የተሞላ ነው። እንደ ድምፃዊው ናት ኪንግ ኮል መሆን ይመኝ ነበር። አልበሙ አልተሸጠም። «ማይ ፈኒ ቫለንታይን»ን በዚያ ድምፅ መስማት ግን ይጠቅማል፤ ምን ሊሆን ፈልጎ እንደነበር ያሳያል።

ስትገዙ ወይም ስትፈልጉ

የሳማራም የሄለንም አልበም ርዕሱ የራሳቸው ስም ብቻ ነው፤ ስለዚህ ፍለጋው ላይ ከሌሎች ሥራዎቻቸው ጋር ይደባለቃል። የሄለንን ስትፈልጉ የክሊፎርድ ብራውንን ስም ጨምሩበት፤ ዝርዝሩ ሰባት ዘፈን ከሆነና በ«ዶንት ኤክስፕሌይን» ከጀመረ እሱ ነው። ቅጂው ሞኖ ነው፤ በአንድ የድምፅ መስመር የተቀረጸ። «ስቴሪዮ ተደረገ» የሚል ቢያጋጥማችሁ እለፉት።

የኒና አልበም ችግሩ ሌላ ነው። መብቱ ከእጅ ወደ እጅ ስለዞረ በተለያየ ስምና ሽፋን ተደጋግሞ ታትሟል፤ አንዳንዱ ቅጂ ድምፁ የደፈረሰ ነው። ዋናው አሳታሚ ቤትልሄም ሪከርድስ ነው፤ ይህን ስም ፈልጉ፤ ዝርዝሩም በ«ሙድ ኢንዲጎ» ይጀምር። አሥራ አራት ሥራ ያለው ሲዲ ካገኛችሁ አትጠራጠሩ፤ ከዚያው ቀረጻ የተረፉ «ፎር ኦል ዊ ኖው»ን ጨምሮ ሦስት ሥራዎች ተጨምረውበት ነው፣ ይልቁንም ያንን አስቀድሙ።

የሳማራን ስትገዙ ደግሞ በ2023 ሁለት ግራሚ ያስገኘላት «ሊንገር አዋይል» ሁለተኛ አልበሟ መሆኑን አስታውሱ፤ በቨርቭ አሳታሚ የወጣ ነው፤ አጃቢዎቹም በዝተው ፒያኖ ገብቷል። እዚህ የተናገርኩለት የመጀመሪያው፣ በጊታሩ ላይ የቆመው፣ ዊርልዊንድ የሚል የአሳታሚ ስም ያለበትና በ«ስታርደስት» የሚጀምረው ነው።